መምህር ይልማን የፈለግንባቸው ዓመታት

ጡረታ የወጣሁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ካፖርቱን፣ አቅራቢ መነጽሩንና ጠመንጃውን አስረክቤ ፈረምኩ። ባልደረቦቼ በግ አርደው ጋቢ አለበሱኝ፤ ኃላፊያችንም ቆሞ ስለ ቀይ ቀበሮዎቹ ያደረግሁትን ሁሉ ዘርዝሮ አመሰገነኝ። ምሳው ተበልቶ ሰው መበታተን ሲጀምር አብሮኝ ብዙ ዘመን የሠራ ጓደኛዬ ጠጋ አለና፣ "እንግዲህ የዚያን ሰው ነገር ለእኛ ትተኸው ሄድክ ማለት ነው" አለኝ። የማንን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እኛ ዘንድ "ያ ሰው" ከተባለ መምህር ይልማ ነው።

የተወለድኩት ከሞላሌ ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። ገብስ እያረስን በግ እያረባን አደግን። መሬታችን ለወንድማማቾች አልበቃ ሲል የጓሳው ሜዳ ጠባቂ ይፈለጋል መባሉን ሰምቼ ተመዘገብኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ውርጭ አይመታውም፣ በየወሩ ይመጣል። የመጀመሪያው አለቃችን የቀድሞ ወታደር ስለነበር ሥራ ማለት ለሱ በሰዓቱ መሰለፍ ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ግን አለቃው አይደለም። ጋሽ እሸቴ ናቸው።

ጋሽ እሸቴ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ከመናገራቸው በፊት አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። መንግሥት ጠባቂ ሳይቀጥር በፊት፣ ሽማግሌዎች ሣሩን ዘግተው በሚያስጠብቁበት ዘመን፣ አባታቸው ጠባቂ ነበሩ። ጓሳ ለእንግዳ ሣር ነው። ለእኛ አገር ሰው ግን የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ዘመንም የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሽማግሌዎቹ ሲስማሙ ይከፈታል።

ጠዋት ከካምፑ ስንወጣ ጋሽ እሸቴ ወዲያው አይሄዱም። ሜዳውን ወደሚያሳይ ድንጋይ ሄደው ይቀመጡና ፀሐይዋ ጤዛው ላይ እስክትወድቅ ይጠብቃሉ። ማታ ሰው ወይም ከብት ያለፈበት ሣር ጤዛው ስለረገፈ ጠቆር ብሎ እንደ መስመር ይታያል። ፀሐይዋ ከፍ ካለች መስመሩ ይጠፋል። "መሬቱ የሚናገረው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ በዚያ ሰዓት አንተ ከተራመድክ የራስህን ዱካ ነው የምታነበው" ይሉኝ ነበር።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ጠዋት እየሮጥኩ ሄጄ፣ "ጋሼ፣ ሌቦች ገብተው ሣር አጭደው ሄደዋል" አልኳቸው።

"ሌቦቹን አየሃቸው?"

"አላየኋቸውም። የታጨደውንና ዱካውን ነው ያየሁት።"

"እንግዲያው የታጨደ ሣርና ዱካ አይተሃል። ሌባ መስሎሃል። ያየኸውን ለብቻው ንገረኝ፣ የመሰለህንም ለብቻው ንገረኝ። ሁለቱን አትቀላቅልብኝ።"

ዱካውን ተከትለን ሄድን። ያጨደው የአካባቢያችን ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ክረምቱ ሳይገባ የእናቱን ቤት ሊከድን ነበር። ጋሽ እሸቴ አልተቆጡትም። ሸክሙን አሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱትና ለዕቃ ቤቱ ክዳን እንዲያስረክብ አደረጉት። በማግስቱ እሳቸው ራሳቸው ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደው ለእናትየው ቤት የሚሆን ሣር በፈቃድ እንዲታጨድ ለመኑ። ሕግ እንዴት እንደሚጠበቅ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ከወታደሩ በኋላ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት አለቃ መጣልን። መጀመሪያ ላይ ብርዱን አይችለውም ብለን ነበር። ቻለው። መምህር ይልማ ሲጠፋ ኃላፊው እሱ ነበር፤ ጋሽ እሸቴ ደግሞ ጡረታ ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል።

መምህር ይልማ የዓለም ከተማ ሰው ነው። እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። በየዓመቱ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲሆን መኪና እየለዋወጠ እኛ ጋ ይመጣል፤ አንድ ሁለት ቀን በእግሩ ይዞርና ይመለሳል። ሩቅ ቦታ ሲሄድ መሪ ይይዛል። በገበያው መንገድ ሲሄድ ግን ሰው የሚመላለስበት፣ እሱም ደጋግሞ የሄደበት ስለሆነ ብቻውን ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን። ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አጠገብ ቆሞ ቁመቱን ከራሱ ጋር ሲያስተያይ ያየነው ሁሉ እንስቅ ነበር፤ እሱም አጭር ሰው ስለነበር አብሮን ይስቃል።

በልጉ ቀደም ብሎ በገባበት ዓመት ነው። ጠዋት ከቅኝት ስመለስ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁትና አጠገቡ ዐረፍ አልኩ።

"ዛሬስ ወዴት ነህ፣ መምህር?"

"ወደ አፋፉ ልወጣ ነው። ከዚያ በገበያው መንገድ ሞላሌ እገባለሁ፤ ነገ ወደ ቤቴ።"

"ቶሎ በል እንጂ፤ ከሰዓት በኋላ ጉም ይነሣል።"

"ጉሙን ፍለጋ እኮ ነው የምሄደው" አለኝ። "ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ ማየት እፈልጋለሁ። ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት ሙሉ ሳስረዳ ኖሬ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።"

ትንሽ አብረን ቆየንና ተለያየን። እሱ ወደ አፋፉ፣ እኔ ወደ ምዕራቡ ሜዳ። ዞሬ አላየሁትም። ሰው በሰላም ሲሄድ ዞሮ የሚያየው ማን ነው?

ጉሙ በእርግጥ ተነሣ። በረዶ ጣለ፤ ከበረዶው በኋላም ጉሙ ሳይገፈፍ አደረ፤ በማግስቱም እንደዚያው ዋለ። ማናችንም አላሰብንም፤ ሞላሌ ገብቷል ብለን ነው። ዝናቡ አዘግይቶት ይሆናል ብላ ስትጠብቅ የቆየችው ባለቤቱ ወይዘሮ አስናቀች ቢሮ የደወለችው ትምህርት ሲከፈትም ሳይደርስ ሲቀር ነው። አለቃችን ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

በየአጥቢያው ጥሪ ተላለፈ። ሰው ሥራውን ጥሎ፣ ስንቁን ይዞ መጣ። ጋሽ እሸቴ በበቅሎ ደረሱ። አለቃችን ቦታውን በካርታ ከፋፍሎ ለየቡድኑ ሰጠ፤ የታየውን ቦታ ማታ ማታ ያጠቁረዋል። እሱ ባይኖር አንዱን ሸለቆ ደጋግመን ሌላውን እንረሳው ነበር። አሞራ ያንዣበበበት ቦታ ሁሉ ሄድን፤ አንዱ የሞተ በግ ነበር፣ ሌላው ምንም። ፍልፈል የቆፈረው ለስላሳ አፈር የጫማ ምልክት ይይዛል፤ እሱንም በረዶው አጥቦት ነበር። እየተጣራን እንሄዳለን፣ ቆመን እናዳምጣለን፣ እንደገና እንጣራለን።

ጃኬቱን ያገኘነው እኔና ጋሽ እሸቴ ነን። አፋፉ ላይ፣ ከገደሉ ጫፍ ፈንጠር ብሎ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነበር። በሥርዓት ታጥፎ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ኪሱ ውስጥ የመኪና ትኬትና የረጠበ ጠመኔ ነበር። ጋሽ እሸቴ ሳይነኩት ብዙ ቆሙ። ከዚያ ከድንጋዩ እስከ ገደሉ ጫፍ ያለውን ሣር በጉልበታቸው ተንበርክከው እያዩ ሄዱ።

"ምን አዩ፣ ጋሼ?"

"ጃኬት አየሁ።"



ከአፋፉ ሥር ያለው ገደል የጭላዳ ዝንጀሮዎች ማደሪያ ነው። ጋሽ እሸቴ ከታች የሚኖር አንድ ገበሬ አስጠርተው ጭላዳዎቹ የት እንዳደሩ ጠየቁት። እንደ ወትሯቸው እዚያው እንደሚያድሩ ነገራቸው። ሰው ወድቆባቸው ቢሆን ኖሮ ደንግጠው ማደሪያ ይለውጡ ነበር። "ይሄ ግን የመሰለኝ ነው" አሉኝ ጋሽ እሸቴ፤ "ስለዚህ መውረድ አለብን።"

የወረድኩት እኔ ነኝ። ወገቤ ላይ ገመድ አስረው ቀስ እያሉ ለቀቁኝ። ዓለቱ ከበረዶው የተነሣ ያንሸራትታል፤ እጄ ደንዝዞ የያዝኩትንና ያልያዝኩትን አልለይም ነበር። ከታች ነጭ ጉም ብቻ ይታየኛል። እርከን ባገኘሁ ቁጥር ቆሜ ቁጥቋጦውን እገልጣለሁ። ጫማ ይሁን፣ የጨርቅ ቁራጭ ይሁን፣ አንድ ነገር ባገኝ ብዬ እመኛለሁ፤ ደግሞ እንዳላገኝ እጸልያለሁ። የበግ አጥንት አገኘሁ። ሲያወጡኝ ጋሽ እሸቴ እጆቼን ብብታቸው ውስጥ ከተው አሞቁልኝ። በሌሎቹም ቀናት በሌላ በሌላ በኩል ወረድን። በስተታች በኩልም ሰዎች ሽቅብ እየፈለጉ መጡ። የለም።

ወሬ ግን ባዶ ቦታ አይወድም። ራሱን ጥሎ ነው ተባለ። በቆላው በኩል ወርዶ ባሕር ተሻግሯል ተባለ። ገድለውታል ተባለ። ወይዘሮ አስናቀች ከዘመዶቿ ጋር መጥታ ቦታውን ስታይ "ራሱን ጥሎ ነው" የሚለው ወሬ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ድንጋዩ አጠገብ ቆማ፣ "ሊሞት የሚሄድ ሰው ጃኬቱን ለማን ብሎ ያጥፋል?" አለች።

ጋሽ እሸቴ ራሳቸው መለሱላት። "እመቤቴ፣ ያየሁትን ልንገርዎት። በልጅነቴ በረዶ ያገኛቸው እረኞች አጋጥመውኛል። ብርድ ሊገድለው የደረሰ ሰው ይሞቀዋል፤ ልብሱን ያወልቃል። አእምሮውም ከእሱ ጋር አይሆንም። የርስዎም ባለቤት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ግምት ነው።"

"ታዲያ ሰውነቱስ፣ አባቴ?"

ጋሽ እሸቴ መሬት መሬት አዩ።   አውሬ ነው እንዳይባል፣ አውሬም እንኳ አንድ ነገር ጥሎ ይሄዳል።

ፍለጋው ቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተማ ተጠርቼ ሄድኩ። ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ ክፉ አልነበረም፤ ድካም ይታይበታል። "መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ። ከአፋፉ ሲወድቅ አይቻለሁ ብለህ ቃል ብትሰጥ ነገሩ ያልቃል። ለቤተሰቡም ዕረፍት ነው" አለኝ።

"ሲወድቅ አላየሁም።"

"የትም አልሄደም እኮ።"

"አውቃለሁ። ግን ሲወድቅ አላየሁም።"

ስወጣ ወይዘሮ አስናቀች ኮሪደሩ ላይ ትጠብቀኝ ነበር። የተባባልነውን ሰምታለች። እስከዚያ ቀን ድረስ "ጋሽ ደምሴ" እያለች በአክብሮት ነበር የምታናግረኝ።

"አንተ" አለችኝ፤ "አንተ ስላላየህ እኔ ምን ሆኜ ልቅር? ባል አለኝ ልበል? ሞቶብኛል ልበል? ጥቁር እንዳልለብስ ሬሳ የለኝም፤ ነጭ እንዳልለብስ ሰው ይታዘበኛል። ልጄ አባቴ መቼ ይመጣል ስትለኝ ምን ልበላት? ወደቀ ብትል ምን ይጎድልብሃል?"

 ውሸት አልተናገርኩም ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር፤ የዚያች ሴት ፊት ግን አላስችል አለኝ። መንገዱን ሁሉ አብሮኝ መጣ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በልጉ ካለፈ በኋላ ፈቃድ እየጠየቅሁ ከአፋፉ ሥር ወረድኩ። አለቃችን አንድም ቀን ከልክሎኝ አያውቅም። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ከሄደ በኋላም አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ሰላምታ ሳይጨርስ፣ "ተገኘ እንዴ?" ይለኛል። ወይዘሮ አስናቀችም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትመጣ ነበር። አፋፉ ላይ ትቀመጥና ሳታለቅስ ቆላውን አይታ ትመለሳለች። እኔ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ አንነጋገርም። በኋላ መምጣቷን ተወች።

ጋሽ እሸቴ ሲታመሙ ሊጠይቋቸው ከሄዱት መካከል ነበርኩ። ሰው ሲወጣ እኔን አስቀሩኝ።

"ዘንድሮስ ወረድክ?"

"ወርጃለሁ፣ ጋሼ።"

"ምን አየህ?"

"ምንም።"

"እኔም ያንኑ ምንም ይዤ ልሄድ ነው" አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። መቃብር ስናወርዳቸው፣ አፈር የሚያገኝ ሰው ምንኛ ዕድለኛ ነው ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ስልኬ ጮኸ። ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት።

"ጋሽ ደምሴ፣ አስናቀች ነኝ። ጡረታ ወጡ አሉ።"

"አዎ፣ ወጣሁ።"

"የይልማ እናት ደክመዋል። ከመሞታቸው በፊት ለልጃቸው ፍትሐት እንዲደረግ ይፈልጋሉ። የንስሐ አባታችን ደግሞ ሲፈልገው የነበረውን ሰው ላነጋግር አሉ። ይመጡልኛል?"

ዓለም ከተማ ደርሼ አላውቅም ነበር። አውቶቡሱ በጠመዝማዛው ወደ ጀማ ወንዝ ወርዶ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ወሬውን ይዟል፤ እኔ ዓይኔ ገደሉ ሥር ነው። ይሄ አመል ከያዘኝ ቆይቷል።

ወይዘሮ አስናቀች መናኸሪያ ተቀበለችኝ። ጠጉሯ ሸብቷል። አጠገቧ የቆመችው ልጇ ግን አድጋ አባቷን መስላለች፤ አጭር ናት። በቀጥታ ወደ ቄሱ ወሰዱኝ።

"ልጄ" አሉኝ ቄሱ፤ "የዚህን ሰው ሞት ታውቃለህ?"

"አባቴ፣ ሲሞት አላየሁም። ቦታውን ግን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ፈልጌ ያጣሁትም እኔ ነኝ። ሞቷል ብዬ አምናለሁ።"

"ራሱን ጥሏል የሚሉ አሉ።"

"ለዚያ አንድም ምልክት አላየሁም። አይመስለኝምም። ብርድ ነው የሚመስለኝ።"

ከተማ ተጠርቼ በነበረ ጊዜም ይሄንኑ ቢጠይቁኝ ይሄንኑ እመልስ ነበር። የጠየቁኝ ግን አይቻለሁ እንድል ነው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ "የቀረውን እሱ ያውቃል። እሑድ ይደረግ" አሉ።

ፍትሐቱ ተደረገ፤ ስሙ በቤተ ክርስቲያን ተጠራ። ወይዘሮ አስናቀች ስንት ዓመት ሙሉ ሳትለብሰው የኖረችውን ጥቁር ለበሰች። ከቤት ስንገባ ከእንግዶቹ ጋር ልቀመጥ ስል እጄን ይዛ ከቤተ ዘመዱ መደብ ላይ አስቀመጠችኝ። ያስተማራቸው ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሆነው በሰልፍ ገቡ፤ እኔንም እንደ ሌላው እየጨበጡ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አሉኝ። የጠባቂ ሥራ ስጀምር ሐዘንተኛ እሆንበታለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሰው ቀለል ሲል እማማ ጥሩወርቅ፣ የይልማ እናት፣ አስጠሩኝ። ዓይናቸው ፈዝዟል። አጠገባቸው አስቀምጠው ክንዴን ያዙ።

"ልጄን መጨረሻ ያየኸው አንተ ነህ አሉ።"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

የት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ለብሶ እያልኩ ለመመለስ ተዘጋጀሁ። ለስንቱ የመለስኩት ነገር ነው።

"በልቶ ነበር?" አሉኝ።

ይሄንን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

"በልቶ ነበር፣ እማማ። አብረን ነው የበላነው። ከቦርሳው ዳቦ አወጣና የእናቴ ነው ብሎ ቆርሶ ሰጠኝ።"

እጃቸው ክንዴ ላይ ጠበቅ አለ። "ስጋግረው ተቻኩዬ ጨው ሁለቴ የጨመርኩበት መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አስበዋለሁ። በዝቶበት ነበር?"

አልበዛበትም ማለት ይቻል ነበር።

"ትንሽ በዝቶበት ነበር" አልኳቸው። "እሱም እማዬ ዛሬ ጨው ረክሶላታል ብሎ ሳቀ። ግን አላስተረፍነውም፣ እማማ። ፍርፋሪውን ሳይቀር ጨረስነው፤ ከዚያ ከወንዙ ውኃ ጠጥቶ ተነሣ።"

እማማ ጥሩወርቅ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ሳቁም ቀስ በቀስ ልቅሶ ሆነ። ወይዘሮ አስናቀች ከጓዳ ሮጣ መጥታ ልትይዛቸው ስትል በእጃቸው መለሷት።

"ተዪኝ" አሉ፤ "ላልቅስለት። ጠግቦ ነው የሄደው።"